ሰልሳቢል በስምንት ዓመቷ
በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ መምህርት ተናኜ ሰልሳቢልን እጇን ይዛ ሻንቶ ከተማ መሃል ወዳለው የወላጆቿ ሱቅ መጣች። የራሷን ሹራብ አውልቃ ልጅቷ ወገብ ላይ አስራላታለች። እናትየዋ ዘሐራ ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ወደ ጓዳ እንግባ» አለቻት መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጓዳ ገብተው ነገረቻት። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ከውስጥ ዘግታ ስታለቅስ ነው የተገኘችው። ቀሚሷ ላይ ደም አለ። «ወድቀሽ ነው ስላት አልወደቅሁም ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም።»

ሰልሳቢል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነች። እናቷን ቀና ብላ አየቻትና «እማ፣ ልሞት ነው?» አለች።

ወደ ዘሐራ ጭንቅላት የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ልጄን ነክቷታል። ማን? ሰልሳቢል ትንሽ ስትራመድ ስለሚደክማት በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባጃጅ ነጂው ደገፉ ታወሳት።

«ደገፉ ምን አደረገሽ? ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«ምንም።»

«አስፈራርቶሽ ነው?»

ልጅቷ ግራ ገብቷት የሹራቡን እጅጌ መጠቅለል ጀመረች። አለመመለሷ ዘሐራን ይበልጥ አስፈራት።

ባሏ ኸይሩ ነገሩን ሲሰማ ከበሩ ጥግ የብረት ዘንግ አነሳ። ዘሐራ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው። «መጀመሪያ ሐኪም ይያት» አለችው። ዘንጉን ጣለ፤ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ለመሄድ ሦስቱም ወጡ። ሚኒባስ መሳፈሪያው ጋ ሲደርሱ ግን ደገፉ አያቸውና ጠጋ አለ።

«ምነው እትዬ ዘሐራ፣ ልጅቷን አሟት ነው?»

ኸይሩ ኮሌታውን ያዘው። «ልጄን ምን አደረግካት?»

ሰው ተሰበሰበ። ደገፉ ፊቱ አመድ መሰለ። ዘሐራ ባሏን ጎትታ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባችው።

መንገድ ላይ ሰልሳቢል እናቷ ጭን ላይ ተኛች። ከባድ ነች፤ የዘሐራ እግር ደነዘዘ። የመጀመሪያ ልጇ ፎዚያ በሁለት ዓመቷ ስትሞት ጭራሽ አትከብድም ነበር፤ አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ዘሐራ ለዚህችኛዋ እምቢ ብላ አታውቅም። ብስኩት ስትል ብስኩት፣ ለስላሳ ስትል ለስላሳ። ደንበኞች ጉንጯን እየቆነጠጡ «ማሻ አላህ» ሲሏት ዘሐራን ደስ ይላት ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ዓመለወርቅ የምትባል ሐኪም ዘሐራ ባለችበት ልጅቷን በእርጋታ መረመረቻት። መዘነቻት፣ ቁመቷን ለካች፣ ግራ እጇን ራጅ አስነሳቻት። ውጤቱ እስኪመጣ ዘሐራ ከቁርኣን ፋቲሃን ልትቀራ ሞከረች፤ መሃል ላይ እየጠፋባት ደጋግማ ጀመረችው።

«ማንም አልነካትም» አለች ሐኪሟ ተመልሳ። «የወር አበባ ነው።»

«ስምንት ዓመቷ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። የእጇ አጥንት ግን የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል። ደረቷ ከፍ ማለት የጀመረው መቼ ነው?»

«አምና። ውፍረት መስሎኝ…»

«ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚመስላቸው። ልጅ ከመጠን በላይ ስትወፍር፣ ሰውነቷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ይመስለውና ቀድሞ ሊነሳ ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ እሷ ላይ ግን ደርሶ ሊሆን ይችላል።»

«እኔ ነኝ ያደረግኳት» አለች ዘሐራ።

«ምግባችሁን እናስተካክላለን። ግን አንዳንዴ ጭንቅላት ውስጥ ያለ እጢም ይህን ያመጣል። እዚህ መሣሪያው የለንም፤ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ትታይ።»

ዘሐራ እጢ ከሚለው ቃል በኋላ የተባለውን አልሰማችም።

በማግስቱ ኸይሩ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ሄዶ ሰው ሁሉ እየሰማ ደገፉን ይቅርታ ጠየቀው። ደገፉ አዳመጠውና «የሦስት ልጆች ወላጆች ከእንግዲህ አታመላልስልንም ብለውኛል» አለው።

ኸይሩ ደገፉን ነፃ ለማውጣት የልጁን ገመና መናገር ነበረበት። እሱ ስላልደፈረ ሦስቱ ወላጆች ቤት የሄደችው ዘሐራ ነች። ለሦስቱም እናቶች እውነቱን ነገረቻቸው። ሁለቱ አመኗት። ሦስተኛዋ «ሐኪምም ይሳሳታል» ብላ በሩን ዘጋች።

አዲስ አበባ ወስደው ጭንቅላቷን ያስመረመሩበት ውጤት ሦስት ሳምንት ቆየ። በነዚያ ቀናት ዘሐራ ልጇ ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር ግንባሯን ትዳብስ ነበር። እጢ አልተገኘም።

ሱቁ ውስጥ ብስኩቱ ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ወጣ። እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ሰልሳቢል ሲደክማት መንገድ ዳር ይቀመጣሉ።

«ነገም ይመጣል ደሙ?» ትላለች።

«አላውቅም። ከመጣ ግን አትደበቂ፣ እኔን አስጠሪኝ።»

ደገፉ ግን ሐሜቱ አልለቀው ብሎ ከጥምቀት በኋላ ባጃጁን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ፣ ቢጠና ሄደ።