ለመንግስቴ የወረደው እንባ

«ፎቶውን አውርዱት! ሻማውንም ወደ ጓዳ!»

የሐረጓ የእናቷ ወንድም አጎት ዘመዱ፣ አክስቷን ያመጣው መኪና ታች ሲቆም በመስኮቱ በኩል አይተው ነው የጮኹት። ሐረጓ ከሐዘን ፍራሿ ተነሥታ የአባቷን ፎቶ ከመደርደሪያው አነሣች፤ የት እንደምታደርገው ግን ጠፋት። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ልጇ ረዑት ተቀበለቻትና የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ከተተችው።

«ሰሊሓ፣ ሳባ» አለችው፤ አያቷን በዕብራይስጥ ይቅርታ መጠየቋ ነው።

የሐረጓ አባት አባተ ሞተው ተቀብረዋል፤ እህታቸው ባንች ግን አልሰሙም። እዚህ አገር ሬሳ አያሳድሩም። ባንች ያሉት ሌላ ከተማ፣ ቴል ሞንድ ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ «ቀስ ብለን እናርዳቸው» ሲሉ ቀብሩ አለፈ፤ «ዛሬ ይቆይ፣ ነገ ይሻላል» ሲሉ የሰባት ቀኑ የአይሁድ ሐዘን፣ ሺቫው፣ ሊያልቅ ሆነ። መጨረሻ ላይ ዘመዱ መላ አመጡ። ሌላ ዘመድ ሞቷል ተብለው ይምጡ፤ ከሰው ጋር አልቅሰው ልባቸው ሲለሰልስ እውነቱ ይነገራቸዋል። ለሟችነት የተመረጠው የባንችና የአባተ የአጎት ልጅ መንግስቴ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ሩቅ ቤር ሼቫ ከተማ ከቤት ከዋለ ዓመታት ሆኖታል።

«ቢሰማም አይቀየም» ነበር ያሉት ዘመዱ።

ሐረጓ ነገሩን ጠልታው ነበር፤ እንቢ የምትልበት አቅም አጣች እንጂ። ከአባቷ ወገን የቅርብ ዘመድ የቀሯት እኒህ አክስት ብቻ ናቸው። ደንግጠው እዚሁ ቢወድቁስ? ባይወድቁስ፣ ከእንግዲህ ዓይኗን ያዩት ይሆን?

ባንች የዘመዱን ልጅ ጊልን ተደግፈው ገቡ። የሕንፃው በር ላይ የአባተ ስም ያለበት የሞት ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፤ ዕብራይስጥ ስለማያነቡ አልፈውት መጥተዋል። ጉልበታቸው አልታጠፍ ቢል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው ጀመሩት።

«ዳገቱን አልፈኸው፣ ሜዳው ላይ ደከምህ፤
መንግስቴ ወንድሜ፣ ለማን ትተኸን ሄድህ!»

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። በሕይወቱ መንግስቴን አይቶ የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ ደረቱን መታ። ሐረጓም አለቀሰች፤ እያንዳንዱ ስንኝ ልክ ለአባቷ የተሰፋ ነበር። ባንች ራሳቸው ግራ የገባቸው ይመስል፣ ሻይ ሲሰጧቸው ዙሪያውን ቃኙ።

«እንዴት ያለ የሰው ፍቅር ነው ጃል! ደግ ሰው እኮ ነበር። አባተ ይሙት፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሲምሉ የኖሩት በወንድማቸው ነው፤ ዛሬም ማሉ። ሐረጓ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባተስ የታለ? እንዴት ለመንግስቴ ለቅሶ ይቀራል?»

«ሰው ሊሸኝ ወጣ» አሉ ዘመዱ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ።

አባተ ከለቅሶ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ደግሞ በአውቶቡስ ቴል ሞንድ ይሄዱ ነበር። ጎንበስ ማለት ላቃታቸው እህታቸው የእግር ጥፍር ይቆርጣሉ፤ ስለማይረባ ነገር ተጨቃጭቀው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ መውጫቸው ላይ ሐረጓን «ነይ እንሂድ አክስትሽ ዘንድ» ይሏታል። እሷ በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የተኛችበት ሰዓት ነው። «ደክሞኛል አባዬ፣ ሌላ ጊዜ» ትላለች። «ዘመድ ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የሚጠየቀው?» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ይወጣሉ። አንድም ቀን አልሄደችም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዘመዱ ውሸት ግን ለማደርም አልበቃም። ባንች ሻያቸውን አስቀምጠው ለቅሷቸውን እንደገና ሲያነሡ በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። የአባተን ሞት ሰምቶ፣ አውቶቡስ እየቀያየረ ሊያለቅስ የመጣ ነው፤ ደረጃው ግን ትንፋሹን ጨርሶበት ድምፅ አልወጣውም። መንግስቴን «አትምጣ» ያለው ሰው አልነበረም።

የባንች ግጥም አፋቸው ላይ ቀረ። «መንግስቴ?» አሉ።

ዓይናቸው ከመንግስቴ ወደ ዘመዱ ሄደ፤ ዘመዱ ምንጣፉን አዩ። ከዚያ ሐረጓ ላይ አረፈ። ነጠላዋ ተንሸራቶ የሸሚዟ አንገትጌ ታየ፤ ተቀድዷል። በወጉ አንገትጌ የሚቀደደው ለአባት ወይም ለእናት ነው እንጂ ለሩቅ ዘመድ አይደለም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ማክሰኞ፣ አክስቴ።»

«ቀበራችሁት?»

«ቀበርነው።»

«እናታችንን ሱዳን በረሃ እኔና እሱ ነን የቀበርናት። በእጃችን ጭረን። እሱን ያለ እኔ ቀበራችሁት?»

«ልብዎ እንዳይ...» አለች ሐረጓ።

ሰው ሁሉ ጩኸታቸውን ጠበቀ። ረዑት ውሃ ይዛ ቆመች። ባንች ግን አልጮኹም፤ እጃቸውን ዘርግተው መንግስቴን አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ክንዱንም ጨብጠው ያዙ።

«ለእሱ ያለኝን ሁሉ ላንተ አለቀስኩት» አሉት። «አሁን ባዶዬን ቀረሁ።»

መንግስቴ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ራሱን ነቀነቀ። «ለእኔ የሆነው ለእሱ ይሁን፣ እህቴ። ይድረሰው።»

ባንች ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ፍራሹ ላይ እንዲያወርዷቸው አዘዙ፤ ጊልና ዘመዱ ደግፈው አወረዷቸው። ሐረጓ አጠገባቸው ዋለች፣ አጠገባቸው አደረች፤ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። ይህ ዝምታ ከድካሟ ሁሉ ከበዳት።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎች ከሐዘን ሊያነሷት መጡ። ወግ ነው፤ ሐዘንተኛው ሰባቱ ሲሞላ ከወለል ይነሣል፣ ጫማ ያጠልቃል፣ ሕንፃውን ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ መተኛት ይችላል። ሐረጓ ይህቺን ሰዓት ስትናፍቅ ነው የሰነበተችው።

«በቃ፣ ተነሺ ልጄ» አሉ ዘመዱ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

አንዱን ጫማ አጠለቀች። ባንች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

«ሂጂ» አሉ ሳይዞሩ። «የእኔ ገና ትናንት ነው የጀመረው።»

ሐረጓ የዘመዱን እጅ አየች፤ በሩንም አየች። ጫማዋን መልሳ አወለቀችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ባንች ሳይዞሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ፤ የብርድ ልብሱንም ጫፍ ወደ እርሷ ገፉላት።