የሚስተር ከርሲ ሦስተኛ ቀን

«ሻዩን ለእንግዶቹ አዙሪ» አላት ሩስተም። አባቱ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ለዓለምጌጥ ግን አንድም የማጽናኛ ቃል አልነበረውም።

ተቀጥራ ስድስት ዓመት የተንከባከበቻቸው አባቱ ሚስተር ከርሲ ፓርሲ ነበሩ፤ በጥንት ዘመን ከፋርስ ወደ ህንድ ከተሰደደው ሕዝብ ወገን። ኧርቪንግ ከተማ ባለው ቤታቸው ሳሎን ነጭ የለበሱ እንግዶች ተደርድረዋል። በወጋቸው በሦስተኛው ቀን በሟች ስም በጎ ሥራ ይታወጃል። አንዱ አዳራሽ አሠራለሁ አለ፤ ሌላው ሐውልት። ተናግሮ የጨረሰ ሁሉ ከሟቹ ፎቶግራፍ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ዓለምጌጥን አንገሸገሻት።

መንገደኛ የሚያመላልሰው የአውሮፕላን ማረፊያው ሻትል ሹፌር ይርጉ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሻይ ስትሰጠው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሶ፣ ክሊኒኩን ያዘጋው ይሄ ልጃቸው ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔ'ኮ ኢንሹራንስ ሳይኖረኝ ስኳሬን የተከታተሉልኝ እዚያ ነው። ስቀር ሰውየው ራሳቸው ኮል ያደርጉልኝ ነበር።»

ዓለምጌጥም ታውቃለች። ሚስተር ከርሲ ዓሥራ ሁለት ዓመት በከተማው ምክር ቤት ሲያገለግሉ በስማቸው አንድም ነገር እንዲጠራ አልፈቀዱም። ነፃ ክሊኒኩን ከፍተው ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንት ቤቱን ያጥቡ ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያውን ልትቀበላቸው ብትል፣ «ተይኝ ልጄ፣ በሽተኛ የሚገባበት ነው» አሏት። በኋላ አልጋ ላይ ሲውሉ ሩስተም በሰጡት ውክልና የክሊኒኩን ሕንፃ ለሆቴል ሸጠው። የሰሙ ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ፤ እህልም አልቀመሱም።

አሁን ሩስተም ተነሣ።

«በአባቴ ስም ፋውንዴሽን አቋቁማለሁ። ያረፉት እጄን ይዘው ነው። ‹ሥራዬን ቀጥል› አሉኝ። ዓለምጌጥ እዚያው ነበረች። አይደል፣ ዓለም?»

የሚስቱን እናት እያስታመመች ሥራዋን እንድትቀጥል ትናንት ቃል ገብቶላታል። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

ትሪውን አስቀመጠች።

«እኔ ነበርኩ፤ አንተ አልነበርክም» አለችው። «ሦስቴ ኮል አደረግኩ፣ አላነሣህም። ውሃ ጠየቁኝ፣ አጠጣኋቸው፤ ከዚያ ዐረፉ። ሌላ ያሉት ነገር የለም።»

እንግዶቹ አቀረቀሩ። ሩስተም ለእነሱ ፈገግ እንዳለ ተጠግቶ፣ «ነገ አትምጪ» አላት።

«ኦኬ።»

ይርጉ ተከትሏት ወጣና የሻትሉን በር ከፈተላት።

«የት ላድርስሽ?»

«ትንሽ ቆይ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ስታዞር፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ ነጠላዋን አወጣች። ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ለሥጋ ዘመድ እንደሚደረገው፣ ዘቅዝቃ ለበሰችው።