የእማዬ ወገብና ባሌስትራው

ካርቷን፣ ያቺን ክፍት የጎልፍ ሜዳ መኪና፣ የገዛኋት እንጦጦ ጫካ ውስጥ እንግዶች ላመላልስባት ብዬ ነበር። ከኔ በፊት ባለቤቷ የነበረው ሰው ለጭቃና ለድንጋይ እንድትሆን ከፍ አድርጎ አሠርቷት፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ፣ ከኋላ ደግሞ ጭነት የሚችል ወፍራም ባሌስትራ አስሮባታል። የሰፈራችን መካኒክ ፀሐዬ መጀመሪያ ያያት ቀን ዞራትና «ባጃጅ ናት፤ ታኮ ጫማ አድርጋለች» አለኝ። ድንጋይ ሆዷን አይነካትም፤ ግን ታነጥራለች። እንግዶቹ እየሳቁ ነበር የሚወርዱት።

እማዬ ግን ልትስቅ አትችልም። የወገቧ አጥንት ሳስቶ አንዱ ተሰንጥቋል፤ ሐኪሙ መንገጫገጭ ክልክል ነው ብሏል። እሷ ደግሞ «ለኅዳር ጽዮን እንጦጦ ማርያምን ሳልሳለም አልቀርም» ብላለች። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንደማትደርስ እሷም፣ እኔም፣ እኅቴ ሰርካለምም እናውቃለን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ቅያሳችን ኮረኮንች ነው፤ መኪና አያስገባም። ከዚያ በላይ ያለው አስፋልት በንግሥ ቀን ለመኪና ይዘጋል። በቃሬዛ እንውሰድሽ ስንላት «በቁሜ አትቅበሩኝ» አለች። የቀረችን ካርቷ ናት።

ውጭ አገር ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት የተሽከርካሪ ንዝረት ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ለምን እንደመጣሁ የማላውቅበት ቀን ይበዛል። ያን ሰሞን ግን ለዚህች መንገድ ሳይሆን አይቀርም የተማርኩት ብዬ ልቤ ሞቀ።

እንዲለሰልስ ጎማውን አስተነፈስኩ። እማዬን በትራስ ደግፈን እስከ ቅያሱ አፍ ወስጄ መለስኳት።

«እንዴት ነው እማዬ?»

«ተመስገን። እንደ አልጋ ነው።»

ከባሌስትራው ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን አስወጣሁ። አሁንም «እንደ አልጋ ነው» አለች። ሾክ አብዞርበሩን በለስላሳ ቀየርኩ፤ ወንበሩ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ጨመርኩ። «እንደ አልጋ ነው ልጄ፤ እጅህን ይባርከው።» ስልኬን ወንበሩ ላይ አስሬ ንዝረቱን ለካሁ፤ ቁጥሩ ወርዷል። ግን ስልክ ወገብ የለውም። እንደሚያማትና እንደማያማት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ተመቸኝ ካሉ ምን ያስጨንቅሃል?» አለ ፀሐዬ ከካርቷ ሥር ተኝቶ። «የኔ ደንበኛ ሁሉ ‹ይንቋቋል፣ ያፏጫል› ነው። አንተ የሚያመሰግን ተሳፋሪ አግኝተህ ታኮርፋለህ።»

«ዝቅ ብናደርጋትስ?»

«ቅያሱ መሐል ያለው ድንጋይ ሆዷን ይዞ ያስቀራታል። ከዚያ በኋላ እማማን አዝለህ መውጣት ነው።»

ሰርካለም ወጥ ቤት ጠራችኝ። «ፊቷን አታየውም እንዴ? አንተ የምታየው ስልክህን ነው። ነጠላዋን ነክሳ እኮ ነው የምትሄደው።»

በማግሥቱ ጎሚስታ ሄጄ ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን አስነፋሁት። እማዬ እውነቱን ትናገር እንደሆነ ለማየት ነው፤ ለሷም ለሰርካለምም አልነገርኩም። እማዬን ጭኜ ቅያሱ መሐል ያለው ድንጋይ ላይ ስንወጣ ካርቷ ዘለለች፤ ከኋላዬ ትንፋሽ ሲቆረጥ ሰማሁ።

«እንዴት ነው?»

«ዛሬስ ይበልጥ ለስልሷል።»

ወርጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ በማርያም! የሚያምሽን ካልነገርሽኝ በምን አስተካክለዋለሁ?»

ከፀጉሬ ላይ አቧራውን አራገፈችልኝ። «ከሥሯ ተኝተህ ስትለፋ እያየሁ ቆረቆረኝ ልበልህ? በምን አፌ?»

ጎማውን መልሼ አስተነፈስኩ። የኅዳር ጽዮን ዕለት ሰው ሳይበዛ በማለዳ ወጣን። ከእግረኛ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ነጭ የለበሱ ሰዎች እያለፉን «ማርያም ትማርዎት እማማ» ይሏታል። «አሜን» ትላለች። ሰርካለም ከጎኗ ተቀምጣ አቅፋታለች። አቀበቱ መሐል ቆምኩና «እንመለስ?» አልኳት።

«ምን ሆኜ?»

መሄዱም መመለሱም በዚያው መንገድ ነው። ነዳሁ።

ቅጥሩ በር ላይ አወረድናት። ግንቡን ይዛ ግንባሯን አስጠጋች፤ ተሳለመች። ሰርካለም ጧፍ ልትገዛ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ ከሰርካለም ጋር የሄድኩ ሳይመስላት አልቀረም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች።

«እመቤቴ፣ ግራ ዳሌዬን ቆረጠኝ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ጭኔ ድረስ እንደ እሳት ይወርዳል። ያ ስፖንጅ ነው የሚብሰው፤ ያነሣኛል፣ ከዚያ ይጥለኛል። ልጄ ግን ደስ ብሎታል። እንዳያውቅብኝ አደራሽን።»

ንገሪኝ እያልኩ እማዬን ስለምናት የከረምኩት ይኸንኑ ነበር። ስፖንጁን ለማውጣት መፍቻ እንኳ አያስፈልግም፤ በእጅ ይወጣል። ካወጣሁት ግን ለእመቤቴ የነገረቻትን እንደሰማሁ ታውቃለች። ወደ ኋላ ራቅሁና ጫማዬን እያስጮህኩ ተመለስኩ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ዞረች።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰርካለም በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደግፈን ካርቷ ጋ ደረስን።

«ስፖንጁ ጤዛ ጠጥቷል መሰለኝ፤ ላውጣው» አልኩ።

«ኧረ ተው! እንደዚያ ለፍተህበት!» አለችና ሳልቀድማት ተቀመጠችበት፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

ሰርካለም አየችኝ። እኔ ቁልቁለቱን አየሁ። መሪውን ይዤ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።