የኋላው ወንበር

ዛሬ የአንጁሎን የጀልባ ፋብሪካ የሚያይ ሁሉ፣ ሰውዬው ሲወለድም ሀብታም የነበረ ይመስለዋል። ወሬ ነው! እኔ ከበቡሽ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንጁሎ የአንጥረኛ ልጅ ነው። አባቱ ከደጋው አገር ከገዘር ወርዶ፣ እኛ በምንኖርበት የወይጦ ወንዝ ዳር ማረሻና ቢላ ይቀጠቅጥ ነበር። ማረሻውን ሁላችንም እንገዛለን፤ ከአንጥረኛ ጋር ግን ማዕድ አንቀርብም፣ ቤታችንም አናስገባም። እንዲህ ነበርን፣ ምን ይደረግ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ አንጁሎ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ባዶ የናፍጣ በርሜሎች ሰንጥቆ፣ በብረት አያይዞ፣ መጋጠሚያውን በሬንጅ ደፍኖ ጀልባ ሠራ። ሰው ሳቀበት፤ አዞ ልትቀልብ ነው ወይ አሉት። እሱ መቀጥቀጡን ቀጠለ።

በዚያ በልግ ታናሽ እህቴ አለምነሽ ምጥ ጸናባት። ሆስፒታሉ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ጂንካ ነው። በቃሬዛ ተሸክመናት መሻገሪያው ስንደርስ፣ ወንዙ ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል። እዚያ ቦታ ድልድይ የሚባል ነገር የለም። አንጁሎ ሳንጠራው ጀልባውን አቀረበ።

የእህቴ አማት እትዬ አየለች ግን መንገዱን ዘጋች።

"ጀልባው ይሁን። የአንጥረኛ ልጅ ግን ከምራቴ ጋር አይቀመጥም።"

አንጁሎ አንገቱን ደፍቶ አስረዳት፤ ጀልባው የተሠራው ከኋላው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ እንዲመራው ነው፣ ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ፊቱ ይሰጥማል አላት። አልሰማችውም። ከእኛ ሰው ቀዛፊ ይፈለግ አለች፤ የሚደፍር ጠፋ። እንግዲያው እየዋኘ ይግፋው አለች። በዚህ ስንጨቃጨቅ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ለመንኳት፤ ማን ይስማኝ!

በመጨረሻ እሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየዋኘ ገፋን። መሃል ላይ እንዳለው ሆነ፤ የጀልባው ፊት ተደፋ፣ ውሃው እስከ ጉልበታችን ገባ። አለምነሽ ከዚያ ሁሉ ሕመም ቀና ብላ እጇን ዘረጋችለት።

"ግባ አንጁሎ፤ ቦታህ ነው።"

ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ጀልባው ቀጥ አለና ተሻገርን። ከማዶ ባገኘነው የጭነት መኪና ጂንካ ገባን። እህቴ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለን። እትዬ አየለች ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

ወደ ቤት ተመልሰን ጎረቤት ሊያጽናናን ሲመጣ፣ አንጁሎም መጣ። እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እትዬ አየለች ከሰው መሃል ተነሥታ ወጣች። እጁን ይዛ አስገባችውና ራሷ ተቀምጣበት በነበረው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ምግብ አቅርባ ከአንድ ሳህን አብራው ቆረሰች።

"ልጄ፣ ያን ቀን ወንዙ ዳር ግባ ብዬህ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የልጅ ልጄን ታቅፌ ነበር" አለችው።

ከዚያ አጎረሰችው።