አንድ ብቻ ሳቢ

«ይሄ ምን ዓይነት ካርታ ነው?» አለ ሁሴኖ። «ልቡ የት ሄደ? አበባውስ? ሁሉም ዘንዶ ነው እኮ!»

«እጅህ ግሪስ ስለሆነ ነው፤ ጠርገህ እየው» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት።

ኢፍቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ጭር ሲል የሰፈሩ ወንዶች እንደ ልማዳቸው ካርታ ሊጫወቱ ፈለጉ። ጎሚስታው ሁሴኖም ጠዋት ከበቆጂ በመጣው የሟቿ ሻንጣ ኪስ ውስጥ የካርታ ካርቶን ብቅ ብሎ አየና ምንም ሳይጠረጥር አወጣው። ውስጡ ያሉት ግን ክንፍ ያላቸው፣ እሳት የሚተፉ፣ ተራራ ላይ የተጠመጠሙ ዘንዶዎች ነበሩ።

የኢፍቱ እናት ጠጂቱ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ካርዶቹን ታውቃቸዋለች። ኢፍቱ በቆጂ ውስጥ በአንድ እንግዳ ማረፊያ መኝታ ቤት ታጸዳ ነበር። ከሯጮች ጋር ልትሠለጥን የመጣች አንዲት ፈረንጅ ናት ስትሄድ ካርዶቹን የተወችላት። «ታሮት ይባላል፣ እማዬ፤ ፈረንጆች ዕድል የሚያነቡበት ካርድ ነው። ሰው አንድ ይስባል፣ እኔ አነብለታለሁ» ብላት ነበር በስልክ።

ከቤተ ክርስቲያን የመጣችው ሰሎሜ ወደ ጠጂቱ ጆሮ ተጠጋች።

«አላልኩሽም? የሃያ አራት ዓመት ልጅ አንሶላ እያነጠፈች ዝም ብላ አትወድቅም። ይሄ ነው የበላት። ዘንዶ የማን ስም እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ማድ ቤት ያለው የንፍሮ እሳት ገና አልጠፋም፤ ዛሬውኑ እናቃጥለው።»

ሁሴኖ ሰምቶ ደነገጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አዴ ጠጂቱ፣ የጨዋታ መስሎኝ ነው» አለና ካርዶቹን ሊመልስ ካርቶኑን አነሳ። ዘንበል ሲያደርገው አንዲት ፍሬ ምስር ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ጠጂቱ ምስሯን አየቻት።

ያለፈው የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ሳለ ኢፍቱ መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። ካርዶቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ ያዘች። ከንፈሯ ገርጥቶ ነበር፤ ጠጂቱ የመንገድ ድካም መስሏት አለፈችው።

«እማዬ፣ አንድ ብቻ ሳቢ።»

«ይሄን ሰይጣን ከፊቴ አንሺ!»

«ሰይጣን አይደለም። የሚያወራኝ እኮ ካርዱ አይደለም፣ የሳበው ሰው ነው። ለኔ ስትይ አንድ ብቻ።»

ጠጂቱ እጇን መታቻት። ካርዶቹ ሰፌዱ ላይ ተበተኑ። ኢፍቱ አንድ በአንድ ከምስሩ ውስጥ ለቀመቻቸው፤ እያንዳንዱን እፍ እያለች። «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለች። ሌላ ጊዜ አልመጣም።

«አምጣው» አለች ሰሎሜ ወደ ሁሴኖ እጇን ዘርግታ።

ያን ጊዜ ሻንጣውን ያመጣው ሯጭ ዱሬሳ ከአግዳሚው ተነሳ።

«አዴ ጠጂቱ፣ ከመቃጠሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገረኝ።»

«ጅማቴ ተጎድቶ ከአሠልጣኜ ደብቄ ነበር። ኢፍቱ አንድ ካርድ አስሳበችኝና ‹ዘንዶው ምን እየሠራ ነው?› አለችኝ። ‹እግሩን ደብቋል› አልኳት። ከዚያ ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳት። እንደዚያ ነበር የምታነበው። ስለ ነገ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። ‹ላንቺስ ማን ያነብልሻል?› አልኳት። ልቧ እንደታመመ፣ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል እንዳላት ያን ቀን ነገረችኝ። ‹እናቴን እንዴት ብዬ ላስደንግጣት? ለፋሲካ ስሄድ አንድ ካርድ አስስባታለሁ፤ እሷ ስታወራ እኔም ይወጣልኛል› አለች። ስትመለስ ጠየቅኳት። ‹ምስር እየለቀመች ነበር፣ አልተመቻትም› አለችኝ።»

ውጭ ዝናቡ ሸራውን ይመታል።

ጠጂቱ ካርቶኑን ከሁሴኖ እጅ ወሰደች። ሰሎሜ መንገድ ልትለቅላት ተነሳች። ጠጂቱ ግን ወደ እሳቱ አልሄደችም። መበወዝ ስለማታውቅ ካርዶቹን እንደ ምስር ጭኗ ላይ ዘረገፈቻቸው፤ በጣቷም ትለቅም ጀመር።

«ጠጂቱ! ምን ሆነሻል?»

«ቆይ እስቲ፣ ሰሎሜ።»

አንዱን ሳበች። ከሥሩ የተጻፈውን ፈረንጅኛ ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን ግን አየችው። ትንሽ ዘንዶ ናት፤ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በአንድ ክንፏ ደረቷን ሸፍናለች።

ጠጂቱ ፍራሹ ላይ ወደ ጎን ተጠጋች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች፤ የተጨማደደውን አንሶላ በመዳፏ አስተካከለች። ካርዱን ወደዚያ ባዶ ቦታ አዙራ አስቀመጠችው።

«ይኸው ሳብኩ» አለች። «በይ ንገሪኝ።»