የገለጉ ዜሮ

ከመተማ ወረድ ብላ ያለችው ሽንፋ በወንዟ ውሃ ትታማ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የተዘጋጀ አንድ ሰንጠረዥ ደግሞ ሐሜቱን በቁጥር አጸናው። በሦስት ዓመት ውስጥ የአፍ ነቀርሳ ተጠርጥሮባቸው ወደ ጎንደር ከተላኩት ሰዎች ስምንቱ የኮኪት፣ ዘጠኙ የሽንፋ ነበሩ። ከሦስተኛው ቀበሌ ከገለጉ አንድም የለም።

ሰንጠረዡን የሠራችው ሲስተር ትርንጎ ናት፤ ደብረ ታቦር ተወልዳ መተማ ጤና ጣቢያ የተመደበች የሃያ ስምንት ዓመት ነርስ። ቁጥሮቹን ስትጽፍ ብዙም አላሰበችባቸው። ማሰብ የጀመረችው የመንደር ምሥረታ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ወረቀቱን ይዘው ቢሮዋ ሲገቡ ነው።

«የሽንፋ ወንዝ ዳር ሕዝብ ይነሣል» አሏት። «ውሃው ነቀርሳ እንደሚያመጣ ይኸው ራስሽ ጽፈሻል።»

«ስለ ውሃ የጻፍኩት የለም፣ ጓድ።»

«ኮኪት ለስምንት ሺህ ሰው ስምንት ታማሚ፣ ሽንፋ ለሦስት ሺህ ሰው ዘጠኝ። ከሺህ ሰው ሲሰላ ኮኪት አንድ፣ ሽንፋ ሦስት። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳቱም። ትርንጎን የከነከናት ግን ሌላ ነበር። «ገለጉ አራት ሺህ ሰው አለ። በሦስት ዓመት የአንድ ሰው አፍ እንኳ አይቆስልም? ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።»

ጓድ ደምለው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጭንቀታቸው ዕቅዱን በቀኑ ማድረስ ነበር። «መኪኖቹ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ይደርሳሉ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ተሳፍራ ሽንፋ ወረደች። የክሊኒኩ ጤና ረዳት አቶ ገሰሰ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጥግ ይዛ ሥራቸውን ተመለከተች። እግሩን እሾህ የወጋው ገበሬ መጣ፤ እሾሁን ነቅለው ካሰሩለት በኋላ «እስቲ አፍህን ክፈት» አሉት። ልጇን ወባ የያዘባት ሴት መጣች፤ ለልጁ መድኃኒት ሰጥተው የእናቲቱንም አፍ አዩ።

«እግሩን የታመመ ሰው አፉን ምን ያደርጉታል?» አለች ትርንጎ ቤቱ ጭር ሲል።

ገሰሰ እጃቸውን እየታጠቡ መለሱ። «አባቴ የሞቱት በዚህ ነው፣ ሲስተር። በታችኛው ከንፈራቸው ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶ ዓመት ሙሉ ደበቁን። ከዚያ ወዲህ ፊቴ የተቀመጠን ሰው ሁሉ አያለሁ።»

«ከዘጠኙ ስንቱን እንዲህ አገኙ?»

«ሰባቱን። ለሌላ ሕመም የመጡ ናቸው።»

«ውሃውስ?»

«አራቱ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት። ቱምባክ ግን ዘጠኙም ይይዛሉ።» ቱምባክ ከሱዳን የሚገባ እርጥብ ትምባሆ ነው፤ በከንፈርና በድድ መካከል ይወተፋል።

ትርንጎ ስለ መኪኖቹ ነገረቻቸውና ገለጉ አብረዋት እንዲሄዱ ለመነቻቸው። ገሰሰ ክሊኒኩን ቆልፈው ተነሡ።

መንገዱ እስካለ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄዱ። ገለጉ ክሊኒክ ስለሌለው ገበያው ዳር ግራር ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ ሰው ሸሻቸው፤ ገሰሰ የራሳቸውን አፍ ከፍተው ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳዩ ግን ሳቅ ሆነና ሰልፉ ተጀመረ። ከገበያ እስከ ገበያ ስድስት መቶ ሰው አዩ። ሁለት አገኙ።

አንደኛው ፈንቴ የሚባል ሰሊጥ አራሽ ነው፤ ከንፈሩ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች፣ እሱ አያውቃትም። ሁለተኛው ሽማግሌው ባፈና፣ ግማሽ አገጫቸው አብጧል።

«ለምን ጤና ጣቢያ አልመጡም፣ አባቴ?»

«ልጄ፣ መተማ በእግር አራት ቀን ነው። በዚሁ ሕመም የሞቱትን ልንገርሽ?» ብለው በየስማቸው አምስት ሰው ጠሩላት። አንዳቸውም የትም መዝገብ ላይ አልሰፈሩም። ትርንጎ ስሞቹን ጻፈች፤ ዜሮዋንም የጻፈችው እሷ ናት።

መተማ ተመልሳ ወረቀቱን ጓድ ደምለው ፊት አኖረችው። «ከስድስት መቶ ሁለት ማለት ከሺህ ሦስት ያህል ማለት ነው፤ እንደ ሽንፋ። ሽንፋ ቁጥሩ የበዛው ሕመሙ ስለበዛ አይደለም፣ ፈልጎ የሚያይ ሰው ስላለ ነው። ኮኪትም እንዲህ ቢታይ ቁጥሩ የሚጨምር ይመስለኛል።»

ሰውየው ደጋግመው አነበቡት። «ሕዝቡን ማንሣቱን ይህ አያስቀረውም» አሉ በመጨረሻ። «በውሃው ግን አላመካኝም።» ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ተመለሰ፤ መኪኖቹ ለሌላ ቀበሌ ተመደቡ፤ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ተዘጋ። የሽንፋ ሰዎች ማሽላቸውን እዚያው ወንዝ ዳር ዘሩ።

ባፈና ጎንደር አልሄዱም፤ ቤቴ ልሙት ብለው በዚያው ክረምት ዐረፉ። ፈንቴ ሄደ። ነጥቧን ቆርጠው አወጡለት።

በጥር ወር ትርንጎ ለሥራ ሽንፋ እንደ ወረደች ፈንቴ ስምንት የአገሩን ሰዎች አስከትሎ ክሊኒኩ ደረሰ። ሁለት ቀን ተጉዘዋል። ገሰሰ ተራ በተራ ወደ ብርሃን እያዞሩ አዩአቸው፤ ምንም አላገኙም። ሰዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ ትርንጎ አስቆመቻቸው።

«ጤነኞች ነን አይደል? ምን ቀረሽ?» አላት አንዱ።

«ስማችሁ። ከገለጉ ታይተው ጤነኛ የተገኙ ብዬ ልጻፋችሁ» አለች፣ መዝገቡን ገልጣ።