የአምሐ ቁጥር

ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት፣ የኔነሽ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለች የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ የባለሙያውን እጅ ያዘች።

"ጋሽ ቱሉ፣ ባትሪውን እንዳያወጡት።"

"ባትሪው ሊሞት ነው ብለሽ አይደል ያመጣሽው?"

እጃቸው ላይ ያለችው መዳፍ የምታክል የባትሪ መጫወቻ ናት። መርከብ ላይ የሚሠራ አጎቷ ነው ለወንድሟ ለአምሐ ያመጣለት። ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ይዞ የሚሯሯጥ ትንሽ ሰው መስታወቷ ላይ ይታያል፤ በያዘው ጠብታ ልክ ነጥብ ይቆጠርለታል፣ ሦስት ጠብታ ካመለጠው ግን ጨዋታው ያልቃል።

"ውስጧ የአምሐ ቁጥር አለ፤ ያገኘው ትልቁ ነጥብ፣ 238። ባትሪው ከወጣ ይጠፋል ብሎኝ ነበር።"

አምሐ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከኤርትራ ይልከው የነበረው ደብዳቤ ከመጋቢት ወዲህ ቀርቷል። እናታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ መርዶ ሳይመጣ እቤቴ እንባ እንዳላይ ብለዋል። የኔነሽ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፉን ተጭና ቁጥሩን ታያለች። ሰሞኑን እየደበዘዘ መጣባት።

ጋሽ ቱሉ የጀርባ ክዳኑን ፈቱ። አንድ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ መሃሉ ላይ አይሲ የሚባል ጥቁር ቁራጭ፣ ከቁልፎቹ ሥር ጎማ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈች ድምፅ የምታወጣ ስስ የናስ ክብ።

"ቁጥሩን የያዘው ይሄ አይሲ ነው። ኃይል ከተቋረጠበት እንደ ሰካራም ነው፤ ሲነጋ ምንም አያስታውስም።"

"የኔ ሬዲዮ ሳይሠራ ለመጫወቻ?" አሉ ተራ የሚጠብቁት እትዬ ወርቄ።

"ይልቅ ይምጡና ያግዙኝ። አሮጌው ሳይለቅ አዲሱ መቀበል አለበት።" ከአዲሱ ባትሪ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አውጥተው አንዱን ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ያዙ፤ ሌላውን ለእትዬ ወርቄ ሰጡ። "ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ጣትዎ ከተነቃነቀ ልጁ ጠፋ ማለት ነው።"

"አፍህን በመልካም ክፈት እንጂ፣ አንተ።"

አሮጌው ወጣ፤ አዲሱ ገባ። የኔነሽ ቁልፉን ስትጫን 238 ጥቁር ሆኖ፣ ጎልቶ ወጣ።

"በይ ተጫወቺና ቁልፎቹን ሞክሪ" አሏት ጋሽ ቱሉ።

አምሐ ከሄደ ተጫውታ አታውቅም። ጣቷ ግን አልረሳም። እትዬ ወርቄ ሬዲዮናቸውን ረስተው ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠሉ።

"በግራ፣ በግራ ነው። እሰይ። አንድ ብቻ ቀረሽ።"

237 ይላል። ጠብታ ከጣሪያው ጫፍ ተንጠልጥሏል። የኔነሽ ጣቷን ከቁልፉ አነሳች። አንዱ ወደቀ፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው።

"ምን ነካሽ? ልታልፊው ትንሽ ቀርቶሽ ነበር እኮ።"

"እሱ ራሱ መጥቶ ይለፈው" አለችና መጫወቻዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለቻት።

የአምሐ መርዶ የመጣው በ1983 ዓ.ም. ክረምት ነው። እስከዚያ ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽቦውን የያዙት እናቷ ናቸው።